ይፍታሽ

ከቆስቋም ጀርባ ከጽዱ ሥር፣ ጤዛው ሳይረግፍ ገና፣
በሆዳችን ተጋድመናል። ነፋሱ ከፊት መጣና
ሽታችንን ወደ ኋላ፣ ወደ ከተማው ወሰደ፤
አዘዞ መንገድ ላይ ባጃጅ አንዴ ጮኸና በረደ።

ድኩላዋ ወጣች በሦስት እግር፤ አራተኛው ይጎተታል፤
ከሰኮናው ከፍ ብሎ፣ ሥጋው ሽቦ ውጦ ይታያል።

ዶክተር ማስተዋል ዓይኗን አጥብባ ክብደቷን በሩቁ መዘነች፤
«ሠላሳ ኪሎ ብትሆን ነው፤ ከስታለች» ብላ ቀነሰች
ከመድኃኒቱ ጥቂት መስመር።
«ከበዛ ትንፋሽ ይሰርቃል፤
ካነሰ ደግሞ ትሮጣለች፤ ሩጫ ከጥይት ይብሳል፤
የፈራ ሥጋ ራሱን ይበላል፤ ከሦስት ቀን በኋላ ይገድላል።»

ነፍጥ አውቃለሁ እኔ። ባገሬ ነፍጥ ሲጮህ ሰው ይፎክራል፤
ዘራፍ ይላል፤ የአባቱን ስም፣ የፈረሱን ስም ይጠራል።
ይህኛው እፍ አለ ብቻ፣ ሻማ እንደሚያጠፋ ሰው፤
ቀይ ላባ ታፋዋ ላይ በቀለ። ማንም ዘራፍ አላለው።

«አትከተሉ!»
ቆምን። እሷ ሰዓቷን ይዛ ቆጠረች።
ሦስት፣ አራት... በስድስተኛው ደቂቃ ድኩላዋ ተንገዳገደች፤
ጾም እንደጠናበት ዲያቆን ጉልበቷ ከድቷት ተንበረከከች።

ሮጥን፤ ግን በቀስታ።
በጎኗ እንዳትተኛ በደረቷ አስደገፍናት፤
አንገቷን ቀና፣ አፍንጫዋን ዝቅ፣ ምራቋ እንዳያንቃት።
ያልተከደነ ዓይኗ ቅባት ተቀባ፤ ነጠላዬን ቀድጄ ሸፈንኩላት።

ትንፋሽ መቁጠር የእኔ ድርሻ፤ መዳፌን ከጎኗ ላይ ጣልኩ።
አሥራ አራት። አሥራ አራት። አሥራ ሁለት። ሲያንስ እኔም ትንፋሼን ያዝኩ።
አንዳርጌ፣ ተማሪው፣ የሙቀት መለኪያውን አይቶ «ከፍ ብሏል» አለ፤
የኮዳችን ውኃ በብብቷ ወርዶ ከጤዛው ጋር ተቀላቀለ።
ዶክተሯ ጡቷን ጨመቅ አደረገች፤ ጣቷ ላይ ነጭ ጠብታ ወጣ።
«ታጠባለች» አለች በሹክሹክታ። «ቶሎ፤ ግልገሉ ፍለጋ ሳይወጣ።»

ያኔ ነው ሽቦውን ልብ ብዬ ያየሁት። የብስክሌት ፍሬን ገመድ ነው፤
ሁለቴ ዞሮ፣ በመሐሉ ሾልኮ፣ ጫፉ ወደ ውስጥ የታጠፈው።
እንዲህ የሚቋጥር በቀበሌያችን አንድ ሰው ነው የማውቀው፤
ስሙን አልጠራም። ነጠላውን የቀደደው ነው።

አምና ክረምት፣ ለጥበቃ ሳልቀጠር፣ ሥጋው ለገበያ ነበር፤
ሦስት ወጥመድ ጣልኩ፣ ሁለቱን አነሣሁ፤ አንዱ ጠፋብኝ በዱር።

ማስተዋል ፒንሳውን ሰጠችኝ። «እጅህ ጠንካራ ነው፤ ቁረጥ» አለች።
አውቃ ይሁን ሳታውቅ እንጃ፤ ቀና ብላ እንኳ አላየች።
ሽቦው ጠቅ አለ። መግሉ ታጠበ፤ ሰማያዊው መድኃኒት ተነፋ፤
ስንት ወር የኖረባት ዝንብ ከቁስሉ ተነሥቶ ጠፋ።

የቀረን አንድ መርፌ ነው፤ «መፍቻ» ትለዋለች እሷ።
እኔ የማውቀው ፍታት የሙት ነው፤ ይኸኛው ግን ለቁም ነፍሷ።
ወጋቻት። የዓይኗን መሸፈኛ ገፈፍኩ። ወደ ኋላ አፈገፈግን፤
ድንጋይ ሆንን። አንድ፣ ሁለት ደቂቃ። ሳል እንኳ መጥቶ አመቅን።

መጀመሪያ ጆሮዋ ነቃ፤ እንደ ቅጠል ዞረ ወደ ደወሉ፤
ምላሷ ገባ፤ ዓይኗ ጠራ፤ ጉልበቷ ተሰበሰበ ከየቦታው ሁሉ።
ተነሣች። አየችን። አራተኛውን እግር መሬት ላይ ሞከረች፤
እንደ ጋለ ብረት ነካ አድርጋ አነሣችው፤ ደግማ ረገጠች።

«ይፍታሽ» አልኩ፣ ከአፌ አምልጦ። አንዳርጌ ሳቀ፤ «ቄስ ሆንክ?» አለኝ።
ማስተዋል አልሳቀችም። ሽቦውን በወረቀት ጠቅልላ ሰጠችኝ።

ድኩላዋ ገባች ከጽዱ ኋላ፤ ቅጠሉ ተነቃነቀ፤
ቀጥሎ ደግሞ፣ ከጉልበት በታች፣ ትንሽ ነገር ተከትሎ ጠለቀ።

ሽቦው ዛሬም ኪሴ ውስጥ ነው። ፒንሳው የቆረጠው ከጎኑ ነው፤
ቋጠሮው አልተፈታም። ጣቴ ዳስሶ ያውቀዋል፤ እንደነበረ ነው።